ሳቢያን ያለችው የቱርክ ተማሪ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሸረፈዲን፣ ጅቡቲ

አሰላሙ አለይኩም ሸረፍ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ጀምሯል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሳቢያን ውስጥ የሚንቀሳቀስ ፍየል ብቻ ነው። የጅቡቲው ከዚህ እንደሚብስ ስለማውቅ አላማርርም።

ደብዳቤ ሲሰጡህ እንደምትደነግጥ ይገባኛል፤ በዚህ ዘመን ማን ይጽፋል! ስልክ ላይ ግን አንተ ታቋርጠኛለህ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይጠፋና ሁለታችንም ተኳርፈን እንከርማለን። የድምፅ መልእክት እንዳልልክ ደግሞ በደወልክ ቁጥር ከጀርባህ የሰው ጫጫታ ይሰማኛል። ብቻህን ሆነህ እንድትሰማኝ ነው የፈለግሁት። እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ከዚያ መቆጣት ትችላለህ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። ልጅህ ዱኒያ ከእኔ ቤት ወጥታ ወደ ከዚራ ሰፈር፣ እናቷ ጋ ገብታለች። በጠራራ ፀሐይ ነው የገባችው፣ ሰው ሁሉ እያያት። ቱርክ እንዳልሄደች ሰፈሩ አውቋል። ወሬው በባቡር ተሳፍሮ አንተ ጋ ሳይደርስ ልቅደመው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አሁን ተነስተህ መንጎራደድ ጀምረሃል፤ አውቅሃለሁ። ተቀመጥ። አንተ የምታውቀው ግማሹን ነው።

የመስከረሙን ሽኝት በቪዲዮ አይተኸዋል። ሁለት በግ ታረደ፣ ሼኩ ዱዓ አደረጉ፤ በር ለበር ያለችው የኔነሽ እንኳን ጾሟን ይዛ ስታስተናግድ ውላ ማታ ላይ ትልቅ ቀይ ሻንጣ አምጥታ ሰጠቻት። በሦስት ሚኒባስ ሞልተን ኤርፖርት ሸኘናት። ከዚያ አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ጠብቃ ቪዛው ተከለከለ። ዩኒቨርሲቲው ግን «ግድ የለም፣ እስኪስተካከል ድረስ ከቤትሽ ሆነሽ በኢንተርኔት ተማሪ» አላት። ልጅቷ ደስ ብሏት ነበር ሸረፍ! «እማዬ ጋ ሆኜ ልማር ነው» ብላ ነው የደወለችልኝ። አንተ ደግሞ ደውለህ «ያን ሁሉ ሰው አብልተን፣ ዱዓ አስደርገን፣ በሁለት ሳምንቷ ተመለሰች ይባል? የመጋላ ገበያ መሳቂያ ልሁን?» አልክ። እናቷ ኢፍራህ አለቀሰች። «እንግዲያው እኔ ጋ ትሁን» ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አንተን ብቻ አልወቅስም፤ ሐሳቡ የአንተ፣ ቤቱ የእኔ ነው።

ከባቡር ጣቢያው ኒቃብ አልብሼ ነው ያመጣኋት። ለጎረቤት «የሟች ባሌ ዘመድ ናት፣ ከጅግጅጋ» አልኩ። አንድ ወር ያልነው ሰባት ወር ሆነ።

በመጀመሪያ ጎበዝ ነበረች። የቱርክና የኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ታጥባ፣ ለብሳ ላፕቶፑ ፊት ትቀመጣለች። እኔ ሱቄ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ አስተማሪው ሲለፈልፍ እሰማለሁ፤ እንግሊዝኛው ባይገባኝም ደስ ይለኝ ነበር። ብቻ ትምህርቱ ሲያልቅ ክፍሉ ጭጭ ይላል። አንድ ቀን ሻይ ይዤላት ስገባ የጠፋውን ስክሪን እያየች «ኤዶ፣ ክላስ ሲያልቅ ሌሎቹ የት ነው የሚሄዱት?» አለችኝ። እኔ አክስት ተብዬ «ቤታቸው ነዋ» አልኩና ወጣሁ፤ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያን ቀን ቁጭ ማለት ነበረብኝ።

ጥር ላይ የሆነውን ኢፍራህም ያወቀችው ቅርብ ጊዜ ነው። ያኔ ኒቃቧን ለብሳ አልፎ አልፎ ትወጣ ነበር። አንድ ከሰዓት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ዲና! ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተማሩት ዲና። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀመጡ። ዲና በስልክ እያወራች ነው።

«ዱኒያ? ተዪኝ ባክሽ! ቱርክ ከገባች ወዲህ እኛን የት ታውቀናለች። ስጽፍላት በሦስት ቀኗ 'ደህና ነኝ' ትላለች፣ አለቀ። ፈረንጅ ሆናለች አቦ!»

ዱኒያ መውረጃዋ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት አልቻለችም። ድምፄን ታውቀዋለች ብላ ነዋ። ዲና ወረደች፣ ሁሉም ወረደ፣ እሷ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄዳ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከግቢ አልወጣችም።

ረመዳን ገባ። አለመብላቷን ያላየሁት በዚህ ነው፤ ሁላችንም እንጾማለን። ስናፈጥር ግማሽ ሳምቡሳ ትቆርስና «ጠገብኩ» ትላለች። ሌሊት ለሱሑር ምግብ ስቀሰቅሳት ነቅታ ነው የማገኛት፤ ጠዋት ደግሞ ለትምህርት አትነሳም። ካሜራዋን ዘግታ ላፕቶፑን ትከፍተዋለች፣ ከዚያ መክፈቱንም ተወችው። እኔ ጾሙ ከብዷት ነው አልኩ።

ኢድ ላይ ኢፍራህ ቤት እንግዳው ሞልቶ «ዱኒያን አገናኙን» አሉ። ታስታውሳለህ፣ አንተ ራስህ «ወፈር ያለ ነገር ልበሺ፣ እዚያ ብርድ ነው» ብለህ ጻፍክላት። ልጅቷ በሳቢያን ሙቀት የክረምት ጃኬት ለብሳ ነጩን ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። እኔ ከካሜራው ውጭ ተንበርክኬ ላቧን በፎጣ እጠርጋለሁ። «በረዶ አለ ወይ?» ሲሏት «አለ» ትላለች። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። እኔም ቤት፣ እናቷም ቤት፣ እኩል! የኔነሽ «ኧረ ቱርክም መብራት ይጠፋል እንዴ?» ስትል በስልኩ ሰማኋት። ቤቱ በሳቅ አለቀ፤ እኔም ፎጣውን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቅሁ። ዱኒያ አልሳቀችም። ከነጃኬቷ ሄዳ ተኛች። ጃኬቱን ያወለቅሁላት እኔ ነኝ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ።

በሳምንቱ ስልኳ ይጮሃል፣ ዝም ይላል፣ ይጮሃል። እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ላጠፋው ብዬ ሳነሳው የማይነካውን ነካሁና አንዲት ሴት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፤ መነጽር ያደረገች፣ በኔ ዕድሜ የምትሆን። «ዱኒያ?» አለችኝ። እኔ ዱኒያ ልመስል! በአማርኛ መለስኩላት፣ በሶማልኛ፣ ባለችኝ ትንሽ ዓረብኛም ሞከርኩ፤ ምንም። ጨነቀኝ ሸረፍ። ቃል ሲያልቅብኝ ስልኩን አዙሬ አልጋው ላይ የተኛችውን ልጅ አሳየኋት። የተዘጋውን መጋረጃ፣ ሳይነካ የቆየውን ሳህን፣ ሁሉንም አሳየኋት። ሴትየዋ መነጽሯን አውልቃ አየች። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ነቀነቀችልኝ።

ዱኒያ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። «ሳልፈቅድልሽ!» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ሴትየዋ ግን በማግስቱም ደወለች፣ በሦስተኛውም። ለካ ዩኒቨርሲቲው ከሩቅ ሆነው ለሚማሩት ልጆች የመደባት አማካሪ ናት። ተማሪ ከክፍል ሲጠፋ ስሙ እሷ ጋ ይሄዳል፤ ለዱኒያ ስትጽፍላት ወር ሆኗታል። ሥራዋ ውጤት መጠየቅ አይደለም፤ ልጆቹ እንዴት እንዳሉ መጠየቅ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ማውራት ጀመሩ። ሲያወሩ ሱቁን ዘግቼ ውጭ ዛፉ ሥር እቀመጣለሁ፤ ቋንቋው ባይገባኝም ድምፁ የሷ ነው ብዬ።

«ምን ትመክርሻለች?» አልኳት አንድ ቀን።

«አትመክረኝም ኤዶ። ትጠይቀኛለች።»

በሦስተኛው ጊዜ «አክስትሽን ላናግራት፣ አንቺ አስተርጉሚ» አለቻት። እንግዲህ እየው፤ ሴትየዋ እያየችኝ ረጅም ነገር ትናገራለች፣ ዱኒያ «ደህና ናት ትልሻለች» ትለኛለች።

«ይሄን ሁሉ አውርታ 'ደህና ናት' ብቻ? ዱኒያ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የሚዛን ሌባ አውቃለሁ። እንደተናገረችው ንገሪኝ።»

አንገቷን ደፋች። ከዚያ የሰው ነገር የምታወራ ይመስል ቀስ ብላ ተናገረች። «ብሞት ይሻለኛል ብዬ አስቤ እንደማውቅ ጠይቃኝ ነበር። አዎ ብያታለሁ። እንዳላደርገው አብረን ተነጋግረናል። ግን ብቻዬን እንዳልሆን ትፈልጋለች። እዚህም አጠገቤ ሆኖ የሚያየኝ ሐኪም ያስፈልጋል አለች። ኤዶ፣ ልሞት አይደለም። መተኛት ብቻ ነው የምፈልገው።»

የዚያኑ ቀን ፍራሼን ወደ ክፍሏ አስገባሁ። ለኢፍራህ ነገርኳት። ለአንተ እንንገረው ስላት «ይሞታል፣ አሁን አይሆንም» አለችኝ። ስንት ነገር ነው እኛ ቤት «አሁን አይሆንም» እየተባለ የሚቀረው።

ባለፈው ሐሙስ ሆስፒታል ወሰድኳት። እሷ በኒቃቧ፣ እኔ ካርዷን ይዤ ወረፋ ጠበቅን። ፊት ለፊታችን ማን መጥታ ብትቀመጥ ጥሩ ነው? የኔነሽ! ለደም ግፊቷ ቀጠሮ ነበራት። «ፋዱማ! አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ጉልበቴን» አልኩ። «እቺስ?» «የባሌ ዘመድ ናት፣ ከጅግጅጋ።» «እግዜር ይማርሽ ልጄ» አለቻት። ዱኒያ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

ከዚያ ነርሷ በሩን ከፍታ በሙሉ ድምጿ «ዱኒያ ሸረፈዲን!» አለች።

ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልንገርህ፤ እንድታውቀው ነው የምጽፈው። የልጅቷን ቀሚስ ጨምድጄ ያዝኩ፤ እንዳትነሳ። ነርሷ ደገመች። የኔነሽ ዞር ዞር እያለች «ኧረ የኛ ዱኒያ ስም ነው! ሞክሼዋ ናት ማለት ነው» አለች። ነርሷ ሦስተኛ ጠርታ ካርዱን ወደ ኋላ ልታደርገው ስትል፣ ዱኒያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከቀሚሷ ላይ አላቀቀችና ተነሳች። «አቤት» አለች። ኒቃቧን ገልጣ።

የኔነሽ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። «ዱኒያ? መቼ መጣሽ አንቺ?»

«አልሄድኩም እትዬ የኔነሽ።»

«እንዴት አልሄድሽም? እኔ ነኝ እኮ የሸኘሁሽ!»

«ሳቢያን ነው የነበርኩት።»

«ሳቢያን! ሳቢያን ሆነሽ ነው የእህቴን ልጅ ሰርግ የቀረሽብኝ?»

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዱኒያም ፈገግ አለች፣ ከዚያ ደግሞ እንባዋ መጣ፤ ሁለቱንም ይዛ ወደ ሐኪሙ ገባች። የኔነሽ ወደ እኔ ዞረች። የጠበቅሁት ስድብ ነበር። «ፋዱማ፣ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው?» ብቻ አለችኝ። እኔም መለስኩላት፤ ከመስከረም ጀምሮ ለሰው የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት ነው። የራሷ ተራ ሲጠራ «ይለፈኝ» ብላ እስክንወጣ አብራኝ ተቀመጠች።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። መድኃኒት ለጊዜው አልሰጣትም። በየሁለት ሳምንቱ ትምጣ፣ ከቱርክ ከምትደውልላት ሴት ጋርም ትቀጥል፣ ትብላ፣ ቀን ቀን ከሰው ጋር ትዋል አለ። «የሚያስጨንቃትን ሐሳብ የሚያባብሰው መደበቁ ነው» ሲል ወደ እኔ ነው ያየው። አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ በባጃጅ በቀጥታ ወደ ከዚራ። ኢፍራህ በሩን ከፍታ ልጇን ከየኔነሽ ጋር ስታያት መጀመሪያ ያደረገችው በሩን መልሳ መዝጋት ነው! የኔነሽ ከውጭ «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን አምጥቼልሽ ነው፣ ክፈቺ!» ብላ በጡጫ ደበደበችው። ተከፈተ። የሆነውን ልቅሶ አልነግርህም።

ሁሉም ነገር አማረ አልልህም። ኮርነር ላይ ያለው ባለሱቁ ዲሪር «ቱርኳ» የሚል ስም አውጥቶላታል፤ የሰፈሩ ልጆች ተቀብለውታል። ሽኝቱ ላይ በልተው አሁን ከንፈራቸውን የሚመጥጡም አሉ። ዲና የኒቃቡን ነገር ሰምታ መጥታ በር ላይ ቆማ «ሚኒባስ ውስጥ ያን ሁሉ ስናገር አጠገቤ የተቀመጥሽው አንቺ ነበርሽ?» ብላ ጠየቀቻት፤ አዎ ስትላት ዞራ ሄደች። ትናንት ግን ተመልሳ መጥታ እስኪመሽ ሳትነሳ ዋለች፤ ብዙም ሳያወሩ ስልካቸውን ሲነካኩ ነው የዋሉት። ዱኒያ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ በላች።

ትምህርቱ ተበላሽቷል። ሁለት ኮርስ አምልጧታል፤ አማካሪዋ ጽፋላት ሐምሌ ላይ እንድትፈተን ፈቅደዋል። ልትወድቅም ትችላለች። በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አውጥተንላት እዚያ ነው የምትማረው፤ ካሜራዋም ክፍት ነው። የክፍሏ ልጆች የከዚራን ዛፍ አይተው «ቆንጆ ነው፣ የት ነው?» አሏት። «ቤቴ ነው» አለቻቸው።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርህ። ሰባት ወር ሙሉ ስትደውልላት የመጀመሪያ ጥያቄህ «ሰው አየሽ ወይ?» ነበር። ልብ አላልከው ይሆናል፤ እሷ ግን ስልኩ ላይ ስምህን ስታይ ገና ሳታነሳው መጋረጃውን ትዘጋለች። ከሐሙስ ወዲህ ቀን ከሌት የምትጠብቀው አንተን ነው፤ የሰፈሩን ሳቅ ችላዋለች፣ የአንተን ዝምታ ግን አትችለውም። አንድ ነገር ነው ያለችኝ፤ «አባዬ ደውሎ ዛሬ ምን በላሽ ቢለኝ።» ይኸው ነው። ይህን ደብዳቤ እንደጨረስክ ደውልላት። ስለ ውጤት አትጠይቃት፣ ስለ ሰው አትጠይቃት። ምን በላሽ በላት፣ ከዚያ ዝም ብለህ ስማት። ንዴትህን ለኔ አስቀምጥልኝ፤ እኔ ወፍራም ነኝ፣ እችለዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ወረቀት የሚያመጣልህ የከሪም ልጅ ሉቅማን ነው፤ ተሳቢ እየነዳ ጅቡቲ ይመላለሳል። «የወንድሜን ቢሮ ታውቀዋለህ?» አልኩት። የትራንዚት ቢሮ ኃላፊ ነው እያልን ለሰው ስናወራ ስንት ዓመታችን ነው። ሉቅማን የመኪናውን ቁልፍ ሲያገላብጥ ቆየና «ኤዶ፣ ጭነት ስናራግፍ አገኘዋለሁ፣ አደርስለታለሁ። ቢሮ ግን አይደለም» አለኝ። እኔም ምን እንደምትሠራ አልጠየቅኩትም። ለኢፍራህም አልነገርኳት። ሻይ ቀዳሁለትና ስለ መንገዱ አወራን።

ሳትመጣ ሦስት አረፋ አለፈ። የዘንድሮው ወር ቀረው። ና ሸረፍ። «ምን ይዤ ልምጣ» አትበል፤ ባዶ እጅህን ና። ምን ሠርተህ መጣህ የሚልህ ሰው ካለ እኔን አልፎ ነው የሚገባው፤ በሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ካለህበት በሰላም አውጥቶ በሰላም ያስገባህ። ጤናህን አላህ ይጠብቅልኝ፤ ጉልበትህንም፣ ከባድ ነገር አታንሳ።

ታላቅ እህትህ
ፋዱማ